በማይክሮስኮፕ ውስጥ ስላለው መለኪያ፤ የእህልንና የከብትን በሽታ ለይቶ ለማወቅ ስለሚሰጠው አገልግሎት

በቀድሞ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ፥ በወንድምና በወንድም ወይም በባለ ርስትና በጎረቤቱ መካከል የሚነሣው ክርክር ስለ መሬቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ገመዱም ሊሆን ይችል ነበር። ገመድ በዝናም ሲርስ ይኮማተራል፤ ብዙ ሲጐተት ደግሞ ይላላል፤ የሚለካውም ሰው ጠበቅ ወይም ለቀቅ አድርጎ በያዘው መጠን የመሬቱ ስፋት ይለዋወጣል። ስለዚህ አስተዋይ ዳኛ «መሬቱ ስንት ቃላድ ወጣው» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ቃላዱ ራሱ ስንት ክንድ ነው፥ በማን ፊትስ ተለካ» ብሎ መጠየቅ ይገባው ነበር።

ይኸው ጥያቄ ዛሬም በሌላ ስፍራ ይጠየቃል፤ ስፍራውም የእህልና የከብት በሽታ የሚመረመርበት ቤት ነው። መርማሪው የሚለካው ነገር በዐይን የማይታይ ደቂቅ ሆኖ ሳለ፥ ከልኬቱ የሚወጣው ቃል ግን የአንድ አውራጃ እህል ለገበያ እንዲወጣ ወይም በጎተራው ታሽጎ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል። አገር አስተዳዳሪና የወረዳ ሹም፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ያለው ሰው፥ በማይክሮስኮፕ ራሱ ይመለከት ዘንድ አይጠበቅበትም። ነገር ግን ከምርመራ ቤት የሚመጣለትን ወረቀት አንብቦ ትእዛዝ የሚሰጠው እርሱ ስለ ሆነ፥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር ከምን እንደ ተገኘ ማወቅ ይጠቅመዋል።

አስቀድሞ ስለ መስፈሪያው ጥቂት እንናገር። ማይክሮስኮፕ ረቂቁን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። በእርሱ የሚታየው ነገር የሚሰፈረው ማይክሮን በሚባል ልክ ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊሜትር ሺህ ቦታ ቢከፈል ከሺሁ አንዱ እጅ ነው። የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አትርቅም፤ እንግዲህ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሺህ ቦታ ተከፍላ ብትታሰብ አንዱ ክፍል ማይክሮን ነው ማለት ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 7 ማይክሮን ተኩል ያህል ሲሆን፥ የፍየል ግን 4 እንኳ አይሞላም።

ረቂቅን ነገር የመለካት ጥበብ የተጀመረው በግምት ነበር። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ የነበረው ሌቨንሁክ በ17ኛው መቶ ዓመት ያያቸውን ሕያዋን ደቂቃን መጠን ለመናገር ከአሸዋ ቅንጣትና ከጠጕር ጋራ ያስተያያቸው ነበር። አሸዋ ግን ሁሉም አንድ ልክ አይደለም፤ ጠጕርም እንደ ባለቤቱ ይቀጥናል ይወፍራል። ከዚህ በኋላ ጀምስ ጁሪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መልካም ዘዴ አገኘ። እጅግ ቀጭን የብር ሽቦ በመርፌ ላይ አጠጋግቶ ጠመጠመና፥ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ዙር እንደ ገባ ቈጥሮ የሽቦውን ውፍረት ዐወቀ፤ ሽቦውን ቈራርጦ በማይክሮስኮፕ ሥር ከደሙ ጋራ አኖረና የደሙን ሕዋስ በሽቦው ልክ ገመተ። ከሽቦውም ቍራጭ ለሌቨንሁክ ላከለት፤ ሁለቱም በአንድ ሽቦ ለክተው ልኬታቸውን ለማስተያየት ቻሉ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነው፤ በሁለት አገር ያሉ ሰዎች አንድ ክንድ ይዘው ሲለኩ ያን ጊዜ ክርክራቸው ስለ ነገሩ ይሆናል እንጂ ስለ ክንዱ አይሆንም። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ፍሪድሪኽ አዶልፍ ኖበርት የተባለ የጀርመን አገር መሣሪያ ሠሪ በመስተዋት ላይ በአልማዝ ጫፍ እጅግ የተቀራረበ መሥመር ማስመር ቻለ፤ ሥራውም በአውሮፓ ሁሉ የማይክሮስኮፕን ጥራት መፈተኛ ሆነ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሳይኖሩ ልኬት የለም። አንደኛው በትንሽ ክብ መስተዋት ላይ የተሠመረ ሆኖ፥ ዐይን በሚጠጋበት መመልከቻ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ክፍል የተከፈለ ነው። መርማሪው ሲመለከት መሥመሩና የሚመረመረው ነገር አንዱ በሌላው ላይ ሆነው ይታዩታል። ይህ ቃላዱ ነው። ክፍሎቹ ይቈጠራሉ እንጂ አንዱ ክፍል ስንት ማይክሮን እንደ ሆነ መሥመሩ ራሱ አይናገርም። ሁለተኛው ዋናው መለኪያ ነው፤ ይኸውም ዕቃው በሚቀመጥበት ስፍራ የሚኖር ጠፍጣፋ መስተዋት ሲሆን፥ በላዩ አንድ ሚሊሜትር በ100 ተከፍሎ ተሠምሮበታል፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ 10 ማይክሮን ነው። ይህ ክንዱ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መርማሪው ዋናውን መለኪያ በማይክሮስኮፑ ሥር ያኖርና በመመልከቻው ካለው መሥመር ጋራ መነሻቸውን ያገጣጥማል። 40 ጊዜ በሚያጐላው ሌንስ ሲመለከት የመመልከቻው 100 ክፍል በዋናው መለኪያ 25 ክፍል ላይ ቢያርፍ፥ 25 ጊዜ 10 ማይክሮን 250 ይሆናል፤ ይህም ለ100 ሲካፈል የመመልከቻው አንድ ክፍል 2 ማይክሮን ተኩል ሆኖ ይገኛል። በዚያው መሣሪያ ላይ 10 ጊዜ የሚያጐላው ሌንስ ቢዞር አንዱ ክፍል 10 ማይክሮን፥ በዘይት የሚሠራው 100 ጊዜ የሚያጐላው ቢዞር ደግሞ 1 ማይክሮን ይሆናል። ከዚህ በኋላ ዋናው መለኪያ ይነሣል፤ የበሽታው ናሙና በስፍራው ይተካል፤ የሚቀረው ክፍሉን መቍጠርና ማባዛት ብቻ ነው።

ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ስሕተቱ የሚገባው በዚሁ ነው። በሌንሱ ላይ «40» ተብሎ ስለ ተቀረጸ ብቻ ልኩ 40 ነው ብሎ ማመን አይገባም፤ ጥቂት ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። በአንዳንድ የቆየ ማይክሮስኮፕ ቱቦው የሚረዝምና የሚያጥር ስለ ሆነ፥ ቱቦው በተሳበ ቍጥር ልኩ ይለወጣል። ሌንስ ሲሰበርና በሌላ ሲተካ፥ መመልከቻው ካንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር፥ የቀድሞው ስሌት ዋጋ የለውም። ዛሬ ምስሉ በካሜራ ተነሥቶ በሰሌዳ ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይህ ችግር የቀረ ይመስለዋል፤ ግን አልቀረም። በካሜራ የተነሣ ምስል እንደ ተመልካቹ ፈቃድ ያንሳል ይተልቃል፤ በምስሉ ላይ የልክ መሥመር ካልተሣለበት፥ መሥመሩም ከዋናው መለኪያ ጋራ ካልተስተያየ፥ ከሥዕልነት አያልፍም።

ይህ ሁሉ ስለ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፥ ከስንዴ በሽታ አንዱን ታሪክ መንገር ይበቃል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1931 ሚትራ የተባለ የሕንድ ሊቅ በካርናል ከተማ አጠገብ በተገኘ ስንዴ ላይ አዲስ የአረማሞ ዓይነት ገለጸ። በሽታውም በከተማይቱ ስም የካርናል አረማሞ ተባለ። ጠባዩ ስውር ነው፤ በእርሻው ላይ ሳለ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በአንዱ እሸት ከብዙው ፍሬ ጥቂቱን፥ ከፍሬውም እንኳ ከፊሉን ብቻ ይበላል። በበላውም ስፍራ ጥቍር ዱቄት ይተዋል፤ ዱቄቱም እንደ ከረፋ ዓሣ ይሸታል። ከእህሉ ከመቶ ሦስት እጅ የሚበልጠው የተያዘ እንደ ሆነ ዱቄቱ ለመብል ደስ የማያሰኝ ይሆናል። ከምርቱ የሚያጐድለው መጠን ብዙ አይደለም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በንግድ ነው፤ ብዙ መንግሥታት ይህ በሽታ ካለበት አገር የሚመጣውን ስንዴ አናስገባም ይላሉና።

በመጋቢት 1996 ይህ በሽታ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ተገኘ። መንግሥቱም ወዲያው አስቸኳይ ዐዋጅ አወጣ፤ በሽታው ካለበት ክፍል እህል፥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ተከለከለ። በሌሎችም ግዛቶች ምርመራ እንዲደረግ ታዘዘ። እንግዲህ በዚያው ዓመት ከአሪዞና እጅግ ርቀው በደቡብ ምሥራቅ ካሉት ግዛቶች፥ ከእነዚህም ከጆርጂያና ከፍሎሪዳ፥ በመጣ የስንዴ ናሙና ውስጥ የካርናልን አረማሞ የሚመስል ስፖር፥ ማለት የሻጋታው ዘር፥ ተገኘ። በዚያ አገር ያሉ ገበሬዎች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ መገመት አያስቸግርም። ስፖሩ የካርናል ከሆነ እህላቸው ይታሰራል። ግን አንድ እንግዳ ነገር ነበረ፤ በስንዴያቸው መካከል በበሽታው የተበላ አንድ ፍሬ እንኳ አልተገኘም።

ምስጢሩ የተገኘው በስንዴው መካከል ከሚበቅለው ሬይግራስ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር እኛ እንክርዳድ የምንለው የአረም ቅርብ ዘመድ ነው። የሣሩ ፍሬ የራሱ አረማሞ ነበረበት፤ ስፖሩም በመከር ጊዜ ከስንዴው ጋራ ተቀላቅሎ ነበር። በ1999 ካስልበሪና ካሪስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሣሩ አረማሞ ከካርናሉ የተለየ ወገን መሆኑን ገልጸው ቲሌሺያ ዎከሪ ብለው ስም አወጡለት። በወንጌል ያለው ባለ እርሻ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ብሎ ነበር፤ በዚህ ነገር ግን መከሩ ራሱ ነው የተቀላቀለው፤ መለየትም የተቻለው በመስተዋት ሥር ነው።

ሁለቱ ስፖሮች በምን ይለያሉ? ሁለቱም ክብ፥ ሁለቱም ጠቈር ያሉ፥ ሁለቱም በእሾህ መሳይ ነገር የተሸፈኑ ናቸው። ከመለያቸው አንዱ ልካቸው ነው። የካርናሉ ብዙ ስፖር ተለክቶ አማካዩ ሲወጣ ከ35 እስከ 41 ማይክሮን ይሆናል፤ የሣሩ አማካይ ግን 30 ወይም 31 ነው። አንድ አንድ ስፖር ብቻ ቢለካ አይበቃም፤ የሁለቱም ትንንሽና ትልልቅ ስላላቸው ልካቸው ይደራረባል። ስለዚህ ብዙ መለካትና አማካዩን ማውጣት ግድ ነው።

አሁን ስለ ቃላዱ የተነገረው ነገር ይመለሳል። አንድ መርማሪ የስፖሮቹ አማካይ በመመልከቻው 14 ክፍል ሆኖ አገኘው እንበል። አንዱ ክፍል 2 ማይክሮን ተኩል ነው ብሎ ቢያባዛ 35 ይወጣዋል፤ የካርናል ነው ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በመሣሪያው ላይ ያለው ሌንስ 40 ጊዜ ሳይሆን 45 ጊዜ የሚያጐላ ቢሆንና መርማሪው ሳያስተያይ የሌላውን መሣሪያ ስሌት ተውሶ እንደ ሆነ፥ እውነተኛው ክፍል 2.22 ማይክሮን ነው፤ 14 ጊዜ 2.22 ደግሞ 31 ያህል ነው። ይህ የሣሩ ልክ ነው። ስፖሩ ያው፥ ዐይኑ ያው፥ ቍጥሩ 14 ያው ሆኖ ሳለ፥ ዋናው መለኪያ ከሣጥኑ ስላልወጣ ብቻ የአንድ አገር ስንዴ ሊታሰር ይችላል። እንዲሁም በተቃራኒው ስሕተት በሽታው ያለበት ዘር ንጹሕ ነው ተብሎ ሊበተን ይችላል፤ ይህ ከፊተኛው ይከፋል።

በእርግጥ በልክ ብቻ አይፈረድም። የእሾሁ አቀማመጥ ይታያል፤ በካርናሉ ጥቅጥቅና ረቀቅ ያለ ሲሆን፥ በሣሩ ዘርዘርና ሻከር ያለ ነው። የመጨረሻውም ማረጋገጫ ስፖሩን አብቅሎ የዘረ መሉን ምርመራ ማድረግ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው በር ልኬት ነው። የናሙናው አጠባም በልክ የቆመ ነው፤ 50 ግራም እህል በውሃ ታጥቦ፥ ውሃው አስቀድሞ ቀዳዳው 53 ማይክሮን በሆነ ወንፊት፥ ቀጥሎም 20 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ያልፋል። ስፖሩ ከመጀመሪያው ያልፍና በሁለተኛው ላይ ይቀራል። የአገራችን ሴቶች ገለባውን ለብቻ፥ ዱቄቱን ለብቻ የሚያወጡበት ጥበብ ይኸው ነው፤ የቀዳዳው ማነስ ብቻ ይለያል።

በከብትም በሽታ እንዲሁ ነው። በአገራችን በቆላው በሬ የሚጨርሰው ገንዲ ከአንድ በላይ በሆነ ደቂቅ ሕይወት ይመጣል። ከእነዚህ ትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ የሚባለው አጭር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከ8 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የሚባለው ግን ከ20 እስከ 27 ይደርሳል፤ ጅራት መሳይ ክሩም ከአካሉ ወጥቶ ይታያል። ልዩነቱ ለአስተዳዳሪ ትርጕም አለው። ፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ የጼጼ ዝንብ ያለበትን ቆላ የሚከተል ነው፤ ኋለኛው ግን ሌሎች ነካሽ ዝንቦችም ስለሚያስተላልፉት ጼጼ በሌለበት አገር ይገኛል፤ በጣና ሐይቅ አካባቢም ታይቷል። እንግዲህ አንድ የወረዳ ሹም በደጋው ከብት ሲታመም «እዚህ ጼጼ የለም፤ ስለዚህ ገንዲ አይደለም» ብሎ ቢፈርድ፥ ከብቱ ሲያልቅ ምክንያቱ ይጠፋበታል።

ስለ ሰው ሕክምናም ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በ1970 ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ውፍረቱን በመመልከቻው መለኪያ በመለካት ለማወቅ እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬም አንድ ሚሊሜትር መሙላቱና አለመሙላቱ የሕክምናውን መንገድ ከሚለዩት አንዱ ነው። እንዲሁም ሐኪሞች በነቀርሳ ውስጥ የሚከፈሉትን ሕዋሳት «በአሥር እይታ ውስጥ ይህን ያህል» እያሉ ሲቈጥሩ ኖረዋል። ግን የአንዱ መሣሪያ እይታ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ሲሆን የሌላው 0.55 ነው፤ ይህች ትንሽ ልዩነት በስፋት ስትቈጠር ከአምስት አንድ እጅ ትበልጣለች። ስለዚህ ዛሬ ቍጥሩ በካሬ ሚሊሜትር እንዲነገር ይመከራል። ጋሻ መሬት ከአገር አገር ስፋቱ ይለያይ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መለኪያው የማይደርስበትም ነገር አለ፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። የስንዴን ዋግ ስንወስድ፥ የግንድ ዋግ ስፖር ሞላላ፥ የቢጫ ዋግ ስፖር ግን ክብ ስለ ሆነ ሁለቱን በመስተዋት ሥር መለየት ይቻላል። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 መካከል በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዘር የመታው የግንድ ዋግ፥ ስፖሩ ከቀድሞው የግንድ ዋግ በልክም ሆነ በመልክ የሚለይ አልነበረም። ዲገሉ ቢጫ ዋግን የሚችል ዘር ነው ተብሎ በብዙ እርሻ ተዘርቶ ነበር፤ በግንድ ዋጉ ግን ተረታ። ያ አዲስ ወገን፥ ሊቃውንት ቲ.ኬ.ቲ.ቲ.ኤፍ. የሚል ምልክት የሰጡት፥ ሊታወቅ የቻለው ጠባያቸው በታወቀ በ20 የስንዴ ዓይነቶች ችግኝ ላይ ተረጭቶ የትኛውን እንደሚያሸንፍ በመታየቱ ነው። ከምርመራ ቤት «የግንድ ዋግ ነው» የሚል ቃል ሲመጣ፥ የትኛው ዘር እንደሚችለው ገና አልታወቀም ማለት ነው፤ ዘር ለማከፋፈል ከመቸኰል ያንን ሁለተኛ ምርመራ መጠበቅ ይሻላል።

በሥራ በኩል ለአገር አስተዳዳሪዎች ሊታሰብ የሚገባው ጥቂት ነው። ለአውራጃ የምርመራ ቤት ማይክሮስኮፕ ሲገዛ ዋጋው የሚታየው የመሣሪያው ነው፤ ዋናው መለኪያ ግን ትንሽ መስተዋት ስለ ሆነ ከዝርዝሩ ይዘነጋል፤ ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲባል ይሰረዛል። እርሱ የሌለበት መሣሪያ ያጐላል እንጂ አይለካም። ለብዙ ማይክሮስኮፕ አንድ ዋና መለኪያ ሊበቃ ስለሚችል ወጪው የሚያስፈራ አይደለም።

ናሙና ሲላክም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዋግ የተመታ ቅጠልና ግንድ በወረቀት እንጂ በፕላስቲክ አይጠቀለል፤ በፕላስቲክ ውስጥ ያልበዋልና ሌላ ሻጋታ ይበቅልበታል፤ መርማሪውም የመንገዱን ሻጋታ የእርሻው በሽታ አድርጎ ሊለካው ይችላል። እህል ደረቅ ሆኖ ከጎተራው ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ተቀላቅሎ ይላክ። የከብት ደም በንጹሕ መስተዋት ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ ዝንብ ሳይደርስበት ይድረቅ፤ የወረዳው፥ የቀበሌውና የከብቱ ምልክት ከቀኑ ጋራ ይጻፍበት። ወፍራም ተደርጎ የተቀባ ደም ሕዋሳቱ ስለሚደራረቡና ስለሚጨማደዱ በእርሱ ላይ የሚደረገው ልኬት አይታመንም።

መልሱ ሲመጣም ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ስንት ስፖር ወይም ስንት ደቂቅ ተለካ፥ አማካዩ ስንት ማይክሮን ሆነ፥ መሣሪያውስ ከዋናው መለኪያ ጋራ መቼ ተስተያየ። በመልካም የምርመራ ቤት የዚህ የሦስተኛው መልስ በማይክሮስኮፑ ጐን በተለጠፈ ካርድ ላይ ለእያንዳንዱ ሌንስ ተጽፎ ይገኛል፤ ሌንስ በተለወጠ ቍጥርም ካርዱ ይለወጣል። ጉብኝት የሚያደርግ ሹም ሌላውን ሁሉ ባያውቅ እንኳ ይህን ካርድ አሳዩኝ ለማለት ይችላል።